የአራተኛው ጎማ ክዳን

ባለፈው ሳምንት አያት ሰፈር፣ ከቤቴ ዝቅ ብሎ ካለው ጎሚስታ ዘንድ የመኪናዬን የኋላ ጎማ ላስጠግን ቆሜ ሳለ፣ ሰውየው ጎማውን ከመፍታቱ በፊት በቸርኬው መሐል ያለችውን ክብ ክዳን በካቻቢቴ ጫፍ ፈንቀል አደረጋትና ጀርባዋን ወደ ላይ አድርጎ አስፋልቱ ላይ ጣላት። ከክዳኗ ጀርባ የወጣው ሽታ፣ ያ የቆየ ግራሶና የጋለ አቧራ ተቀላቅሎ የሚሰጠው፣ ትንሽ የዛገ ብረት ያለበት ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ የአርባ ምናምን ዓመት ሴትዮ መሆኔን ረስቼ ቀሚሴን ሰብሰብ አደረግኩና ቁጢጥ ብዬ ጥርሶቿን መቁጠር ጀመርኩ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና «እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? የጠፋብኝን ልንገርህ ብል ጎማው ሳይሠራ ይመሽ ነበር። «ምንም፣ እያየሁ ነው» አልኩት።

እኔ ከጥንት ጀምሮ የተዘጋ ነገር አይቼ እንዲሁ ማለፍ አይሆንልኝም። ሰው ግድግዳው ላይ ሰዓት ሰቅሎ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያይበታል፤ እኔ ግን ጀርባውን ካላየሁ እንቅልፍ የለኝም። የአባዬን ሬዲዮ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ፤ የገጠምኩት አንዴ ብቻ ነው። እማዬ «ይቺ ልጅ የጀሀነምን በር ብታገኝ በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቃ ሳታይ አትመለስም» ትል ነበር፤ ስትቆጣኝም ስትኮራብኝም ያችኑ አባባል ስለምትደግማት የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከፊቷ ነበር። ይኸው አመሌ ነው እንግዲህ አባዬን ከልብ ወዳጁ ጋር ያቆራረጠው።

ያኔ፣ በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ቤታችን ቦሌ ሩዋንዳ ነበር። ዛሬ ሩዋንዳ ሲባል ለሰው የሚታየው ፎቅና ምግብ ቤት ነው፤ ያኔ ግን ትልልቆቹ ቪላዎች በግንብ አጥራቸው ውስጥ ተኮፍሰው፣ ከኋላቸው እንደኛ ያሉ የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው፣ በመሐል በመሐል ደግሞ ላሞች የሚግጡበት ባዶ ሜዳ ነበረ። አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሰው ሁሉ የጀመረውን ወሬ አፉ ላይ ይዞ ይጠብቅና ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥል ነበር። አባዬ ሰይድ በልጅነቱ ከደሴ ወጥቶ፣ ከጭነት መኪና ረዳትነት ተነስቶ፣ በመጨረሻ ከነዚያ ቪላዎች ባንዱ ለሚኖር ፈረንጅ ሹፌር ሆኖ ነበር። ፈረንጁ ጊዜው ደርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ያረጀች የግል መኪናውን ለአባዬ ለቀቀለት። ክሬም ቀለም ያላት፣ ወንበሯ የተቀደደ፣ በሯ በሁለተኛው ሙከራ የሚዘጋ መኪና ነበረች፤ ጎማዋ ግን! ፈረንጁ በጉብዝናው ጊዜ ከአገሩ ያስመጣላት፣ እንደ ፀሐይ ጨረር የተዘረጋ ስፖርት ቸርኬ ነበራት፤ እንዲያ ያለ ቸርኬ በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። አባዬ መኪናዋን አጥቦ ሲጨርስ ለጎማዎቹ ለብቻ ሌላ ውሃ ይቀዳ ነበር።

በየቸርኬው መሐል የመዳፍ ስፋት ያላት፣ ኒኬል የተቀባች ክዳን አለች። በክዳኗ ላይ፣ በቀይ ክብ ውስጥ፣ አንድ ምልክት አለ፤ ምን እንደሆነ ግን ፈረንጁም አልተናገረ፣ እኛም አልጠየቅን። የሰፈሩ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋን ከቦ ይከራከርበት ነበር። አንዱ ንስር ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ቅጠል ነው ይላል፤ አባዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አይቶ አይቶ ግማሽ ጨረቃ መሆኑን ወሰነ። ጎሚስታው ጋሽ ኪሮስ ደግሞ «ሰይዶ አትልፋ፣ ርግብ ናት፤ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ጎማህ ላይ ወርዷል» እያሉ ሰውን ያስቁ ነበር። አባዬም «እንግዲያው እኔ ከመስጊድ እስክመለስ አንተ ጎማዬ ሥር ተንበርክከህ ቆየኝ» ይላቸዋል።

ጋሽ ኪሮስ የትግራይ ሰው ናቸው። ከቤታችን ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ በቆርቆሮ የተሠራች የጎማ መጠገኛ ነበረቻቸው፤ ባለቤታቸው እትዬ ለተይም በዚያችው ቆርቆሮ ጥግ ለሹፌሮች ሻይ ያፈሉ ነበር። የነዚያ ክዳኖች ችግር እንግዲህ እርጅና ነው። ክዳኗን ቸርኬው ላይ ነክሰው የሚይዟት ከጀርባዋ ያሉ የብረት ጥርሶች ናቸው፤ ዕድሜና ኮረኮንች ጥርሶቹን ወደ ውስጥ ሲያጎብጣቸው ክዳኗ መላላት ትጀምራለች። መኪናዋ ቀስ ስትል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ስትፈጥን ዝም ይላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ክዳኗ የት እንደወደቀች ሳይታወቅ ትቀራለች።

አባዬ ያችን ቀጭ ቀጭ በሰማ ቁጥር ፊቱ ጭምድድ ይልና በቀጥታ ወደ ጋሽ ኪሮስ ነው። ጋሽ ኪሮስ መጀመሪያ አያዩም፤ ያዳምጣሉ። አባዬ መኪናዋን በዝግታ ሲነዳ እሳቸው ጎንበስ ብለው፣ ጆሯቸውን ወደ ጎማው አዘንብለው አብረው ይራመዳሉ፤ የሆነ ቦታ ሲደርሱ ጣራዋን መታ ያደርጉና «ይቺ ናት» ይላሉ። ከዚያ ክዳኗን አውልቀው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቀስ አድርገው ወደ ውጭ ይገፏቸዋል፤ ከአሮጌ ካላማዳሪ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ ጎማ ቆርጠው በዙሪያዋ ያለብሱና ቦታዋ ላይ አድርገው በመዳፋቸው ሦስቴ ይመቷታል። አባዬ አንድ ቀን «ለምን በሙጫ አጣብቀን አንገላገልም?» ቢላቸው ተቆጡት። «ሙጫ የሰነፍ ነው። ነገ ውስጡን የሚፈታው ሰው ምን በድሎህ ነው?» አሉት።

ሥራው የዐሥር ደቂቃ ነው፤ ሁለቱ ግን ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ አለ፤ እሱ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ አንዱ የደሴን ገበያ አንዱ የአድዋን ተራራ እያነሳ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬያቸውን እያቆሙና እየቀጠሉ ያወጋሉ። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ነኝ፤ እትዬ ለተይ ከሻዩ ይልቅ ስኳሩ የሚበዛ ሻይ ይሰጡኛል። ጋሽ ኪሮስ ሁልጊዜ የማይቀርላቸው ቀልድ ነበረቻቸው፤ «ሰይዶ፣ ከአራቱ አንዷን ተውልኝ፣ በሬ ላይ ሰቅዬ የሱቄ ምልክት አደርጋታለሁ» ይላሉ። አባዬ «ስሞት ትወርሳታለህ» ይላል። «ከሞትክማ ከሰዓዳ ጋር እንስማማለን» ይሉና ዓይናቸውን ይጠቅሱኛል፤ እኔም አባቴን በቁሙ እያወረስኩ ራሴን እነቀንቃለሁ።

እኔን ግን የሚበላኝ ሌላ ነው። ከአራቱ ክዳኖች ሁልጊዜ የምትላላው አራተኛዋ፣ የቀኝ ኋላዋ ብቻ ነበረች። ለምን? አባዬን ብጠይቀው «ጉድጓዱ በዚያ በኩል ስለሚበዛ» አለኝ፤ እኔ ግን መንገዱን ቆጥሬዋለሁ፣ ጉድጓዱ በግራ ነው የሚበዛው። እማዬን ብጠይቃት «በዚያ በኩል የአባትሽ እህት ስለምትቀመጥ ነው» አለችኝ፤ አክስቴ በእርግጥ ወፈር ያለች ናት፣ ግን የምትመጣው በዓመት አንዴ ነው። ጋሽ ኪሮስን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ከአንድ እናት የወጣም አመሉ ይለያያል» አሉኝ። ይሄ መልስ ነው? ልጅ ስለሆንኩ እንጂ አላውቅም ቢሉኝ ምን ነበረበት!

አንድ ቅዳሜ፣ አባዬ ምሳ በልቶ ጋደም ሲል፣ ከመኪናዋ ወንበር ሥር ካቻቢቴውን፣ ከእማዬ ሳጥን የስፌት ክር ይዤ ግቢ ወጣሁ። መጀመሪያ የፊቷን ክዳን ፈነቀልኩ፤ ቀጥዬ አራተኛዋን። ጎን ለጎን መሬት ላይ አድርጌ በክሩ ዙሪያቸውን ለካሁ። ያገኘሁትን ሳይ በደስታ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፤ አራተኛዋ በክር ውፍረት ታንሳለች! ጠጋ ብዬ ሳይ ምልክቷም ይለያል፤ የሌሎቹ ክንፍ ይሁን ቅጠል ይሁን ወደ ቀኝ ሲያይ የሷ ወደ ግራ ነው። ለካ የእነሱ እህት አይደለችም! ፈረንጁ አንድ ጊዜ ጠፍታበት የሌላ ቸርኬ ክዳን ተክቶባት ኖሯል፤ ስንት ትልልቅ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እየከበበ ሲከራከር ይህን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ሊቅ ሆኜ አላውቅም።

ሊቅነቴ ግን ክዳኗን እስክመልሳት ነበር። የፊተኛዋ እሺ ብላ ገባች። አራተኛዋን ስጫናት አልገባም አለች፤ በድንጋይ ቀስ አድርጌ መታ ባደርጋት ቀጭ! አንድ ጥርስ ወለቀ። ደነገጥኩና ደግሜ ስመታት ሌላ ጥርስ። ጋሽ ኪሮስ ያለበሷት ቀጭን ጎማ ስፈነቅላት ተበጣጥሷል፤ ሌላ የለኝም፤ የነበረኝ ደብተሬ ውስጥ የደበቅኩት ሦስት ፍሬ የሙዝ ማስቲካ ነው። ሦስቱንም ባንዴ ጎርሼ አገጬ እስኪዝል አኘክሁና በክዳኗ ጀርባ ዙሪያውን ለጥፌ፣ ቦታዋ ላይ አድርጌ፣ እንደ ጋሽ ኪሮስ በመዳፌ ሦስቴ መታኋት። ያዘች። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ማለቷን ተወች፤ አባዬ በማግስቱ «ኪሮስ በዚህኛው ጊዜ ጥሩ አድርጎ ሠርቷታል» አለ። እኔም ማሻአላህ አልኩ።

አራት ቀን ቆየች። በረቡዕ የግራ ፊት ጎማ ተነፈሰና አባዬ ወደ ጋሽ ኪሮስ ወሰዳት፤ ጎማው እስኪሠራ እሱ የከሰዓት በኋላውን የዐስር ሶላት ሊሰግድ ሄደ፤ ተመልሶ ተረከባትና ነድቶ መጣ። ቤት ደርሶ እንደልማዱ ዞር ዞር ብሎ ሲያያት አራተኛዋ የለችም። መሐሉ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል። «እዚያ ስወርድ ነበረች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ» አለ። የዚያን ዕለት ፀሐይ ሽሮ የምታበስል ፀሐይ ነበረች፤ ማስቲካው ቀልጦ እንደከዳኝ ወዲያው ገባኝ። እኔ ግን እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ አዛኝ መስዬ ቆሜያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አባዬ ትምህርት ቤት ሊያደርሰኝ ሲነዳ በጋሽ ኪሮስ በር አለፍን። ጎሚስታዎች መንገድ ላይ የወደቀ የጎማ ክዳን ሲያገኙ በሽቦ ሰክተው አጥራቸው ላይ ይደረድራሉ፤ የጠፋበትም መጥቶ ይወስዳል፣ የፈለገም ይገዛል። የኛዋ ግን ከነዚያ ጋር አልነበረችም። ከበሩ በላይ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ ብቻዋን ከፍ ብላ ተሰቅላ ታበራለች። አባዬ እግሩን ከነዳጁ አነሳ። ጋሽ ኪሮስ ከውስጥ ብቅ ብለው፣ ፊታቸው በሳቅ ተሞልቶ፣ በጣታቸው ወደ ላይ ወደ ክዳኗ አሳዩት። አባዬ ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ነዳጁን ረገጠውና አለፍን። «ደግሞ ይስቃል!» አለ ለራሱ።

በዚያ ዘመን ስለ ጎሚስታ የማይወራ የለም፤ ምስማር መንገድ ላይ ይበትናሉ፣ የራስህን ዕቃ መልሰው ይሸጡልሃል ይባላል። አባዬ እስከዚያን ቀን ድረስ ይህን ለሚያወሩ ሹፌሮች «የኔውን ጎሚስታ ስለማታውቁት ነው» የሚል ሰው ነበር። አሁን አንዱ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ሲተርት አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ግን ሄዶ አልጠየቃቸውም። እንዴት ብሎ! ክዳኔን ስጠኝ ማለት ሰርቀሃል ማለት ነው፤ ወንድሜ ያለውን ሰው በአደባባይ ሌባ ከማለት ሆድ ይፍጀው ብሎ መተው ይሻላል። ጎማ ሲተነፍስበት መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ ሌላ ጎሚስታ ይነዳ ጀመር፤ በጋሽ ኪሮስ በር ሲያልፍ ሁልጊዜ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ይተክላል። እማዬ «ከኪሮስ ጋር ምን ሆናችሁ?» ብትለው «ምን እንሆናለን?» ይላታል።

ዒድ መጣ። አባዬ በዒድ ለጋሽ ኪሮስ ሥጋ አይልክም፤ የኛን እርድ አይበሉማ። ስለዚህ እግሯ የታሰረ ዶሮ በቁሟ ይላክላቸዋል፤ እነሱ ባርከው ያርዷታል። ለፋሲካ ደግሞ ከእትዬ ለተይ እጅ ትልቅ ሕምባሻ ይመጣልናል፤ ወሳጇም አምጪዋም እኔ ነኝ። የዚያን ዓመት ዶሮዋ ተገዝታ በር ላይ ታስራ ነበር። «ልውሰዳት?» አልኩት። «ተያት» አለ። እማዬ ገመዱን ፈታችላት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እንቁላል እየጣለች ኖረች፣ እኛም የኪሮስ ዶሮ እያልን ጠራናት። ለፋሲካ ሕምባሻው አልመጣም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ኪሮስ ጠሩኝ። «ሰዓዳ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ አባትሽን ምን በደልኩት?»

«እኔ እንጃ ጋሼ» አልኳቸው።

«ያቺን ክዳን እዚህ ኮረኮንቹ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ሲያልፍ እንዲያያት ብዬ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩለት፤ በጣቴ ሁሉ አሳየሁት። ዓይኑ እያየ አለፈኝ።»

«ይስጡኝና ልውሰድለት።»

«የለም ልጄ። በልጅ እጅ ከላክሁለት እኮ ተጣልተናል ማለት ነው። አልተጣላንም። ራሱ ይምጣና ይውሰዳት፤ ሻዩንም ይጠጣ።»

እትዬ ለተይ ስኳር የበዛበትን ሻይ እያቀበሉኝ «አንቺ ንገሪው፤ አንቺን ይሰማሻል» አሉኝ። እነግረዋለሁ አልኳቸው። ቀና ብዬ ክዳኗን አየሁ፤ በጠርዟ ላይ የደረቀ ማስቲካዬ ትንሽ ብቅ ብሎ ይታያል። ጋሽ ኪሮስ ያገኟት ዕለት የመንገድ ቅጥራን መስሏቸው ይሆናል፤ ከሰቀሏት ወዲህ ግን አንድም ቀን አውርደው ጀርባዋን አላዩም፤ የሰው ዕቃ ነዋ።

እንግዲህ ሁለቱም ወገን የማያውቀውን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስንት ነገር ከፍቼ፣ ስንት ነገር በርብሬ ያላገኘሁትን እውነት እንዲህ ሙሉውን በእጄ ይዤው፣ መናገር አቃተኝ። ዱላ አልፈራሁም፤ አባዬ መትቶኝ አያውቅም። ሬዲዮውን ስፈታ «እኔ ነኝ» ስላልኩት «ልጄ ታጠፋለች እንጂ አትዋሽም» እያለ ለሰው ይናገር ነበር፤ የፈራሁት ይህን ንግግሩን እንዳላጣ ነው። ማታ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ሬዲዮ ሲሰማ አጠገቡ እቀመጥና «አባዬ» እለዋለሁ። «ምን?» ይለኛል። «ምንም» እለዋለሁ። ነገ፣ ነገ እያልኩ ክረምቱ መጣ፣ ክረምቱም ወጣ።

ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና በአስፋልቱ ዳር ያሉት ቆርቆሮ ቤቶች እንዲነሱ ተነገራቸው። አንድ ጠዋት ሳልፍ የጋሽ ኪሮስ ቦታ ባዶ ነው፤ ዘይት የጠጣ ጥቁር መሬት ብቻ ቀርቷል። ሳይሰናበቱን ሄዱ። አባዬም የአራተኛውን ጎማ ቀዳዳ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን ቆርጦ ደፈነው፤ ቢጫ ነበረ። የሰፈሩ ልጆች መኪናዋን «ወተቷ» አሏት፤ እስክትሸጥ ድረስ ስሟ ይኸው ነበር።

ዓመታት እንደ ዘበት ሄዱ። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ አገባሁ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ አባዬን አዲሱን ቤቴን ላሳየው በመኪናዬ ይዤው ጉርድ ሾላን እንዳለፍን፣ ጎማዬ ትንሽ ስትጎትት ተሰማውና «ጎሚስታ ጋ ስትሄጂ ከአጠገቡ እንዳትርቂ» አለኝ። «እኔ ሶላት ልሰግድ ሄጄ ወንድሜ ያልኩት ሰው ሰርቆኛል።» ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውስጡ ነበረ ማለት ነው። መኪናዬን ዳር አቆምኩና ካቻቢቴውን፣ ክሩን፣ ድንጋዩን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ጋሽ ኪሮስ ያሉኝንም አንድም ሳልቀንስ።

«ማስቲካ?» አለኝ።

«የሙዝ ማስቲካ።»

ሳቀ። የአንገቱን ፎጣ ዓይኑ ላይ አድርጎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ሳቁ እየቀነሰ እየቀነሰ ሲሄድ ፎጣውን ከዓይኑ አወረደ። «እኔ እኮ ሌባ ላለማለት ብዬ ነው ያልጠየቅኩት» አለ። «ሳልጠይቀው ሌባ አደረግኩት። ብጠይቀው ኖሮ በአንድ ቃል ያበቃ ነበር።»

«ጥፋቱ የኔ ነው አባዬ።»

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ» አለኝ። እስከ ሠላሳ ዓመቴ ግን ልጅ አልነበርኩም፤ ይህን ሁለታችንም እያወቅን አለፍነው። «አዙሪ» አለኝ። «ጉርድ ሾላ ነው ያለው፤ ከሾላው ግንድ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ» አለ።

ጋሽ ኪሮስ ፂማቸው ነጥቶ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። አባዬ ከመኪናው ሲወርድ ግንባራቸውን አጨማደው አዩት። «ሰይዶ?» አሉ። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ ነህ?» ተነሱና ተቃቀፉ፤ ትከሻ ለትከሻ ስንት ጊዜ እንደተሳሳሙ አልቆጠርኩም። ደህና ነህ፣ ደህና ነህ፣ ጤናህ እንዴት ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባዬ «ኪሮስ፣ ልነግርህ የመጣሁት ነገር አለ» ብሎ ጀመረና፣ ግን የቤተሰብ ደህንነት ሳይጠየቅ ነገር አይጀመርምና፣ ዙሪያውን በዓይኑ ፈልጎ «ለተይስ? ሻይዋ ናፍቆኝ ነው የመጣሁት» አለ።

ጋሽ ኪሮስ እጃቸውን ከአባዬ ትከሻ ላይ አነሱ።

«አልሰማህም?»

«ምኑን?»

«ለተይ ዐረፈች እኮ። ሰባት ዓመቷ።» ቀጥለውም «ሰምተህ የቀረህ መስሎኝ ነበር» አሉት። «ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ሆኜ በሩን በሩን አይ ነበር። ሰይዶ ቢጠላኝም ለሷ ይመጣል ብዬ። ስትቀር ቁርጤን አወቅኩ።»

«ወላሂ አልሰማሁም» አለ አባዬ። «ወላሂ ኪሮስ፣ አልሰማሁም!»

እዚያው በር ላይ ከተጋደመ ጎማ ላይ ተቀመጠና ፎጣውን ራሱ ላይ አድርጎ፣ እንደ መርዶ ቀን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለተይ! እህቴ! ለተይ!» እያለ ማልቀስ ጀመረ። እንባቸው ከደረቀ ሰባት ዓመት የሆናቸው ጋሽ ኪሮስም አጠገቡ ተቀመጡና እንደ አዲስ አብረው አነቡ። መንገደኛው እየቆመ ያይ ጀመር፤ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ነጠላ ያጣፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴትዮ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ማን ሞቶባቸው ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አክስቴ» አልኳቸው።

«ነፍስ ይማር! መቼ?»

«ዛሬ ነው የሰማነው» አልኳቸው።